ባይ ጁዪ፦ ያልተማረ ሰው እንዲገባው የጻፈ የቻይና ባለቅኔ

መግቢያ

ግጥም የማያውቅ ገበሬ የለም። ሲያርስ ያንጎራጉራል። አዝመራ ሲሰበስብ ይዘፍናል። ሰው ሲሞትበት ሙሾ ያወርዳል። ሲቆጣ ያቅራራል። ይህ ሁሉ ግጥም ነው። በመጽሐፍ የተጻፈ ግጥም ሲባል ግን ብዙ ሰው «ይሄማ የተማረ ሰው ነገር ነው፤ እኛን ምን ይገባናል» ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ ተሳስቷል አይባልም። በብዙ አገር የተጻፈ ግጥም ለቤተ መንግሥትና ለሊቃውንት የተዘጋጀ፣ ቃሉ የከበደ፣ ነገሩም ከማረሻና ከማጭድ የራቀ ሆኖ ኖሯል።

ከ1,200 ዓመት በፊት በቻይና አገር የኖረ አንድ ባለቅኔ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ስሙ ባይ ጁዪ ይባላል። ባይ የቤተሰቡ ስም ነው፤ ጁዪ የራሱ ነው። በቻይና የቤተሰብ ስም ይቀድማል። ይህ ሰው የተማረ፣ የተሾመ፣ ለንጉሥም ቅርብ የነበረ ሰው ነው። ሆኖም ስለ አጫጅ፣ ስለ ከሰል ሻጭ፣ ስለ ግብር ከፋይ ጻፈ። የጻፈውንም ያልተማረ ሰው ሰምቶ እንዲገባው አድርጎ ጻፈው። ለምን እንዲህ አደረገ? ምን ደረሰበት? ጽሑፉስ ለገበሬው ምን ጠቀመ? በሚከተሉት ገጾች እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና ዘመኑ

ቻይና በእስያ ምሥራቅ የምትገኝ ሰፊ አገር ናት። በዚያን ጊዜ የሚገዙት ታንግ የተባሉ ነገሥታት ነበሩ። እነዚህ ነገሥታት ከ618 እስከ 907 ገዙ። ዋና ከተማቸው ቻንግአን ትባል ነበር። ዛሬ ሺያን ትባላለች። በዚያ ዘመን በዓለም ከነበሩት ከተሞች ከትልልቆቹ አንዷ ነበረች።

ባይ ጁዪ ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከ755 እስከ 763፣ በአገሩ ትልቅ ዓመፅ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ዓመፁ ቢበርድም አንዳንድ የጦር አዛዦች በየግዛታቸው ሆነው ለንጉሡ አንታዘዝም አሉ። ጦርነት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ የሚመጣው ከየት ነው? ከገበሬው ነው።

በ780 አዲስ የግብር ሥርዓት ወጣ። ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲከፍል ተደነገገ። ግብሩ የሚተመነው በገንዘብ ነበር። ገበሬው ያለው ግን እህልና በቤቱ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ምርቱን ሸጦ፣ ወይም በዋጋ አስገምቶ ይከፍላል። የእህልና የጨርቅ ዋጋ በወረደ ቁጥር ያው ግብር ብዙ እህልና ብዙ ጨርቅ ይበላ ጀመር። የግብሩ ቁጥር ሳይጨምር ሸክሙ ጨመረ ማለት ነው። ባይ ጁዪ ያደገው በእንዲህ ያለ ዘመን ነው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ባይ ጁዪ በ772 ሄናን በተባለው ክፍለ ሀገር ተወለደ። አባቱ አነስተኛ ሹመት የነበራቸው ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ የተማረ ቢሆንም ሀብታም አልነበረም። ልጅ ሳለ በአካባቢው ጦርነት ስለ ተነሣ ወደ ደቡብ ሸሽቶ አደገ።

ስለ ሕፃንነቱ እሱ ራሱ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የተረከው ነገር አለ። ገና የስድስትና የሰባት ወር ሕፃን ሳለ ሞግዚቱ ጽሑፍ ባለበት ግርዶሽ ፊት አቅፋ ሁለት የጽሕፈት ምልክቶች ታሳየው ነበር። አፉን ገና አልፈታም። ነገር ግን «የትኛው ነው?» ብለው ደጋግመው ሲጠይቁት ሳይስት ይጠቁም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቻይና ጽሕፈት ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። የእኛን ፊደል ከሀ እስከ ፐ ከነእርባታው የለየ ሰው ማንኛውንም ቃል ገጣጥሞ ማንበብ ይችላል። የቻይና ጽሕፈት እንዲህ አይደለም። አንዱ ምልክት አንድ ቃል ወይም የቃል ክፍል ነው። ምልክቶቹም በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። እጅግ ዘግይቶ፣ በ1988፣ የቻይና መንግሥት ባወጣው ደንብ እንኳ አንድ ገበሬ ማንበብና መጻፍ ቻለ የሚባለው 1,500 ምልክቶች ሲያውቅ ነው። ለከተማ ነዋሪ ደግሞ 2,000 ነው። እንግዲህ በባይ ጁዪ ዘመን ይህን ሁሉ ለመማር ጊዜ ያለው ማን ነበር? ሥራ የማይጠብቀው፣ መምህር መቅጠር የሚችል ሰው ነው። አብዛኛው ገበሬ አያነብም ነበር።

ባይ ጁዪ አምስትና ስድስት ዓመት ሲሆነው ግጥም መማር ጀመረ። ካደገ በኋላ ቀንና ሌሊት ያጠና ነበር። ጮክ ብሎ ከማንበቡ የተነሣ አፉ ቆሰለ። ከመጻፉ የተነሣ እጁ ሻከረ። እጅን የሚያሻክረው ዶማ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በ800 መንግሥት ሹማምንትን የሚመርጥበትን ታላቅ ፈተና ተፈትኖ አለፈ። በዚያ ዓመት ያለፉት 17 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው እሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ፈተና አብሮት ካለፈው ከዩዋን ዤን ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ዩዋን ዤንም ባለቅኔ ነው። እስከ ዕለተ ሞት የዘለቀ ጓደኛው ሆነ። ስለ ሕፃንነቱ የጻፈውም ለእሱ ነው።

የስንዴ አጨዳው

በ806 ባይ ጁዪ ዡዢ በተባለች ወረዳ ተሾመ። ወረዳዋ ከዋና ከተማው ብዙም አትርቅም። ሹመቱ ትንሽ ነው። ሥራው ጸጥታ መጠበቅና ግብር ማስገባት ነበር። በዚያ ሳለ በ807 የስንዴ አጨዳ አየና ግጥም ጻፈ።

የግጥሙ ነገር እንዲህ ነው። ወሩ ሞቃት ነው። ስንዴው ደርሷል። ሴቶቹ ምግብ፣ ልጆቹ የሚጠጣ ይዘው ወደ ማሳ ይሄዳሉ። ወንዶቹ ያጭዳሉ። ከታች መሬቱ፣ ከላይ ፀሐዩ ያቃጥላቸዋል። ሆኖም ቀኑ ረጅም በመሆኑ ደስ ይላቸዋል እንጂ አያርፉም።

ቀጥሎ ባለቅኔው ዓይኑን ወደ ጎን ይመልሳል። አንዲት ድሀ ሴት ልጇን ታቅፋ ከአጫጆቹ አጠገብ ቆማለች። በአንድ እጇ የወደቀ ዛላ ትለቅማለች፤ በሌላው ክንዷ የተቀደደ ቅርጫት አንጠልጥላለች። ቃርሚያ መሆኑ ነው። ለምን ትቃርማለች? የቤተሰቧ መሬት ምርት በሙሉ ለግብር አልቋል። ለመብል የቀራት ከሰው ማሳ የምትለቅመው ብቻ ነው።

በግጥሙ መጨረሻ ባይ ጁዪ ወደ ራሱ ይመለሳል። እኔ አላረስኩም፣ የሐር ትልም አላረባሁም፤ ነገር ግን በዓመት 300 ትልልቅ መስፈሪያ እህል ደመወዝ እበላለሁ፣ በዓመቱ መጨረሻም ይተርፈኛል ይላል። ይህን ሲያስብ አፍሮ ቀኑን ሙሉ ከልቡ ሊያወጣው እንዳልቻለ ይናገራል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ግብሩን ከሚያስገቡት አንዱ እሱ ራሱ ነው። የሴትዮዋ እህል የገባው እሱ ደመወዝ ከሚወስድበት ጎተራ ነው። ባለቅኔው ይህን አልሸሸገም። እኛም በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያደግን ሰዎች ይህን ግጥም ስናነብ የበላነውን እንጀራ ማን እንዳበቀለው እንጠየቅበታለን።

ከሰል ሻጩ

በ807 መጨረሻ ባይ ጁዪ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠራ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ ሲሳሳት የሚያሳስብ ሹም ሆነ። ደስ አለው፤ ሥራው እውነት መናገር ነውና። ሐሳቡን በደብዳቤ ለንጉሡ ያቀርብ ነበር። በደብዳቤ ያልሆነውን በግጥም ይሞክር ጀመር። በ809 ሃምሳ ግጥሞች በአንድነት አዘጋጀ። በመግቢያቸው ላይ ዓላማውን አስረዳ፦ ቃሉ ግልጽ እንዲሆን፣ ነገሩ እውነት እንዲሆን፣ ዜማው ለመዝፈን እንዲቀል አድርጌ የጻፍኩት ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ነው የሚል ነው። ከሃምሳዎቹ አንዱ ስለ አንድ ከሰል ሻጭ ሽማግሌ ይናገራል።

እኒህ ሽማግሌ ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው ተራራ እንጨት እየቆረጡ ከሰል ያከስላሉ። ፊታቸው አመድና ጭስ ለብሷል፤ ጣታቸው ጠቁሯል፤ ጠጉራቸው ሸብቷል። ከሰል የሚሸጡት ለልብስና ለጉርስ ነው። ወቅቱ ብርድ ነው፤ የለበሱትም ስስ ልብስ ነው። ሆኖም ይባስ እንዲበርድ ይመኛሉ። ለምን? ካልበረደ ከሰል ዋጋ የለውም። ድህነት ሰውን በገዛ ሥቃዩ ላይ ሌላ ሥቃይ እንዲመርቅ ያደርገዋል።

ሌሊት በረዶ ወረደ። ሲነጋ ሽማግሌው ጋሪያቸውን ጭነው ወጡ። ገበያው በር ሲደርሱ ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ በሬው ደክሟል፤ እሳቸውም ርቧቸዋል። ከጭቃው ውስጥ አረፍ አሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ፈረሰኞች መጡ። የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል፤ በአፋቸው የንጉሥ ትእዛዝ ነው ይላሉ። በሬውን አዙረው ጋሪውን ወደ ቤተ መንግሥት ነዱት። ጋሪው የጫነው ከሰል ከ6 ኩንታል በላይ ነበር። ዋጋው ምን ሆነ? ቁራጭ ቀይ ስስ ሐርና 3 ሜትር ያህል ሌላ ሐር በበሬው ራስ ላይ አሰሩላቸው። አለቀ። ሽማግሌው ሐር ለብሰው ሊከሰሉ አይደለም!

ይህ የባለቅኔው ፈጠራ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን «የቤተ መንግሥት ገበያ» የሚባል ልማድ ነበር። የንጉሡ ጃንደረቦች ወደ ገበያ ወጥተው ያማራቸውን ይወስዳሉ። ዋጋውን እንደ ፈቀዱ ጥቂት ይሰጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይሰጡም። ልማዱ በ805 ተከልክሎ ነበር። ባይ ጁዪ ግን ከአራት ዓመት በኋላ እንዳይረሳ ጻፈው።

በዚህ ግጥም ውስጥ ወረቀቱን እናስታውስ። በወረቀቱ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ግጥሙ አይነግረንም። ሽማግሌውም አይተው አላረጋገጡም። ወረቀቱ በፈረሰኞቹ እጅ ነው፤ የሚናገረውም የእነሱ አፍ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት የሚፈራው በወረቀቱ ስላለው ነገር ሳይሆን ወረቀቱን ስለያዘው ሰው ነው። ለዚህ ነው ጽሕፈት ለብዙ ዘመን የገበሬው ወዳጅ ያልመሰለው።

ዘግይቶ የመጣ ምሕረት

በ809 በቻይና ድርቅ ገባ። ባይ ጁዪና ሊ ጂያንግ የተባለ ሌላ ሹም የገበሬው ግብር እንዲማር ንጉሡን ለመኑ። ንጉሡም እሺ አሉ። እዚህ ላይ ጽሑፍ ጥሩ ሥራ ሠራ እንላለን። ነገር ግን የንጉሡ ቃል ከቤተ መንግሥት እስከ መንደር ሲደርስ ምን ሆነ?

ባይ ጁዪ ይህንንም በግጥም ነገረን። በዋና ከተማው አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። በጸደይ ዝናብ ጠፍቶ ስንዴው ደረቀ። በመከር ውርጭ ቀድሞ መጥቶ ሌላው እህል ሳይበስል ሞተ። ሹማምንቱ ይህን ያውቃሉ። ሆኖም ስማቸው በላይ አለቃ ዘንድ እንዲያምር ግብሩን አጥብቀው ጠየቁ። ገበሬው የሾላ ዛፉን አሲዞ፣ መሬቱን ሸጦ ከፈለ። ሾላ ማለታችን ቅጠሉ ለሐር ትል የሚሆነውን ዛፍ ነው። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሹም፣ በእኛ አገር ድሮ ጭቃ ሹም የምንለው ዓይነት ሰው፣ የምሕረቱን ማስታወቂያ ይዞ መጣ። በዚያን ጊዜ ከአሥር ቤት ዘጠኙ ግብሩን ጨርሶ ከፍሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ግጥም ትልቅ ነገር ያስተምራል። መልካም ሕግ መውጣቱ ብቻውን አይበቃም። ሕጉ መቼ እንደ ወጣ፣ ምን እንደሚል፣ ለማን እንደሚሠራ ሕዝቡ በጊዜው ማወቅ አለበት። ያላወቀ ሰው የተማረለትን ዕዳ ይከፍላል።

ከሃምሳዎቹ ሌላው ግጥም ስለ አንድ የ88 ዓመት አዛውንት ነው። እኒህ አዛውንት በወጣትነታቸው ወደ ሩቅ የደቡብ ጦርነት እንዳይወሰዱ ሌሊት ተደብቀው በድንጋይ የገዛ ክንዳቸውን ሰበሩ። ክንዳቸው ዝናብና ነፋስ በመጣ ቁጥር ያማቸዋል። ነገር ግን አብረዋቸው የተመለመሉት አልተመለሱም፤ እሳቸው ግን ልጅ የልጅ ልጅ ለማየት በቁ። ባለቅኔው የአዛውንቱን ታሪክ የተረከው ለዝና ብሎ ሰው የሚያስፈጅ ሹም ምን እንደሚያደርስ ለማሳየት ነው።

አሮጊቷና ግጥሙ

ስለ ባይ ጁዪ በሰፊው የሚነገር አንድ ወግ አለ። ግጥም በጻፈ ቁጥር ላንዲት ያልተማሩ አሮጊት ያነብላቸው ነበር ይባላል። «ገባዎት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። «አዎ» ካሉ ግጥሙን ይጽፈዋል። «አልገባኝም» ካሉ ቃሉን ይለውጠዋል። ይህ ወግ የተጻፈው ባይ ጁዪ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ በእርግጥ ተደርጓል ብለን አንምልም። ወጉ የተፈጠረበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ግጥሞቹን የሰማ ሰው ሁሉ «ይህስ ለአሮጊትም ይገባል» ብሎ ነበር።

ቀላል መጻፍ ቀላል ሥራ ይመስላል። አይደለም። ከባድ ቃል የጸሐፊውን ድካም ይሸፍንለታል። ቀላል ቃል ግን ነገሩን ራቁቱን ያቆመዋል፤ ሐሳብ ከሌለበት ወዲያው ይታወቃል። በኋላ ዘመን የመጡ አንዳንድ የቻይና ሊቃውንት ባይ ጁዪን «ተራ ነው» ብለው ነቅፈውታል። የነቀፉት ግን ሕዝቡ በወደደለት ነገር ነው።

ስደቱና የግጥሙ መስፋፋት

እውነት መናገር ዋጋ ያስከፍላል። ባይ ጁዪ ለወዳጁ እንደ ጻፈው፣ ግጥሞቹን ሲሰሙ ትልልቅ ባለሥልጣኖች ፊታቸው ይለዋወጥ፣ ጥርሳቸውን ይነክሱ ነበር። በ815 የመንግሥቱ ዋና ሚኒስትር በዋና ከተማው መንገድ ላይ ተገደሉ። ባይ ጁዪ ገዳዮቹ በአስቸኳይ ይያዙ ብሎ ከሁሉ ቀድሞ ለንጉሡ ጻፈ። ጠላቶቹ ግን «ይህን መናገር የእሱ ሥራ አይደለም፤ ሥርዓት ጣሰ» አሉ። ከሥልጣኑ ዝቅ ተደርጎ ጂያንግዡ ወደተባለች የደቡብ ከተማ ተላከ። ሹመት አለህ ተባለ፤ ሥራ ግን አልነበረውም።

በዚያ ሳለ በ816 ከታወቁት ግጥሞቹ አንዱን ጻፈ። ሌሊት በወንዝ ዳር እንግዳ ሲሸኝ ከጀልባ ላይ የፒፓ ድምፅ ሰማ። ፒፓ በጣት የሚመታ ባለ አራት አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የምትጫወተው ሴት ቀድሞ በዋና ከተማው የታወቀች ነበረች። ዕድሜዋ ሲገፋ ተረስታ ቀረች። ባለቅኔው በእሷ ዕጣ የራሱን ዕጣ አይቶ አለቀሰ።

ሹማምንቱ ቢያባርሩትም ግጥሙን ማባረር አልቻሉም። ወደ ስደት ሲሄድ በመንገዱ ሁሉ፣ በመንደር ትምህርት ቤት፣ በገዳም፣ በእንግዳ ማረፊያና በጀልባ ላይ፣ ግጥሞቹ ተጽፈው አገኛቸው። ወዳጁ ዩዋን ዤን ደግሞ አንድ ቀን በአንድ የገጠር ገበያ የመንደር ተማሪ ልጆች ግጥም ሲያጠኑ አየ። «ምን ትማራላችሁ?» ቢላቸው «መምህራችን የባይ ጁዪንና የዩዋን ዤንን ግጥም ያስተምሩናል» አሉት። የሚያነጋግራቸው ዩዋን ዤን ራሱ መሆኑን አላወቁም። ጂንግዡ በተባለች ከተማ ደግሞ አንድ ሰው ከአንገቱ በታች መላ ሰውነቱን በባይ ጁዪ ግጥሞች ተነቅሶ ነበር። ንቅሳቱ ከ30 በላይ ግጥም ይዟል። ግጥሞቹ ባሕር ተሻግረው ጃፓን ደረሱ። በዚያም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነበቡ ኖሩ።

ግድቡና ድንጋዩ

በ820 ባይ ጁዪ ወደ ዋና ከተማው ተመለሰ። የቤተ መንግሥቱን ሽኩቻ አይቶ ግን በገዛ ፈቃዱ ወደ ክፍለ ሀገር ልላክ አለ። ከ822 እስከ 824 የሃንግዡ አገረ ገዢ ሆነ። ሃንግዡ በምሥራቅ ቻይና የምትገኝ ከተማ ናት። በአጠገቧ ትልቅ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፤ ድርቅ ሲሆን ግን በቂ ውሃ አይገኝበትም ነበር።

ባይ ጁዪ የሐይቁን ግድብ ከፍ አድርጎ አሠራ። ውሃው ተጠራቅሞ በድርቅ ጊዜ ለመስኖ እንዲውል ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ አጠቃቀሙን ጽፎ በድንጋይ አስቀረጸ። ጽሑፉ ያጌጠ አይደለም። የሐይቁ ውሃ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ዝቅ ሲል ከ15 ቺንግ በላይ መሬት ያጠጣል ይላል። ቺንግ በዚያ ዘመን ከ5 ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ የመሬት ልክ ነው። ውሃው በደንብ ከተያዘ ከ1,000 ቺንግ በላይ መሬት ከድርቅ ይድናል ይላል። ውሃ ሲከፈት ሁለት ታማኝ ሰዎች ይመረጡ፤ አንዱ በማሳው፣ አንዱ በሐይቁ ይቁም፤ ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው መሬቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የውሃውንም ልክ ወስነው ይልቀቁ ይላል።

ከሁሉ የሚገርመው ሌላው ትእዛዝ ነው። ገበሬው ውሃ ሲለምን ማመልከቻው በቀጥታ ወደ አገረ ገዢው ይምጣ፤ አገረ ገዢው ራሱ ፈርሞ በዚያው ቀን ውሃ ይስጥ ይላል። ለምን? ወረቀቱ ከቢሮ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ መንደር ሲዞር አሥር ቀን ያልፋል። ውሃው ቢመጣም ቡቃያው ቀድሞ ይሞታል። ከዘገየው ምሕረት የተማረውን እነሆ በሥራ አዋለው።

ውሃው ይከፈት ሲባል የሚቃወሙ ሹማምንት ነበሩ። ዓሣው ማደሪያ ያጣል፤ በሐይቁ የሚበቅለውም ተክል ይጎዳል ይሉ ነበር። ባይ ጁዪ በድንጋዩ ላይ መለሰላቸው። ከዓሣና ከሰው ሕይወት የቱ ይቀድማል፣ ከውሃ ተክልና ከሩዝስ የቱ ይጠቅማል ብሎ ጠየቃቸው። ይህን ሁሉ ያስጻፈው ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሹም እንዳያታልል፣ እንዳይታለልም ነው። ይህ ጽሑፍ ከከሰል ሻጩ ወረቀት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ይራራቃል! ያኛው ወረቀት በፈረሰኛ እጅ ተይዞ ይነጥቃል። ይህኛው ጽሑፍ በአደባባይ ቆሞ ለገበሬው ውሃ ይሰጣል።

የመጨረሻ ዘመኑ

ባይ ጁዪ በኋላ ሱዡ የምትባል ከተማን አስተዳደረ። ከ829 ጀምሮ ግን ሉዎያንግ በተባለች ከተማ ተቀመጠ። እዚያ ኑሮው የተመቸ ነበር። ጥሩ ቤትና የአትክልት ስፍራ ነበረው፤ ዘፋኞችም በቤቱ ነበሩ። እንደ ወጣትነቱ ስለ ግብርና ስለ ጭቆና ብዙ አልጻፈም። ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ባይ ጁዪ ከገበሬ ወገን የቆመ ሹም ነበር እንጂ ገበሬ አልነበረም።

ሆኖም ልቡ ጨርሶ አልደነደነም። በሉዎያንግ አጠገብ ሎንግመን በተባለ ቦታ ወንዙ በዐለት የተሞላ ነበር። ጀልባዎች ይሰበሩበታል። በክረምት ብርድ ጀልባ ቀዛፊዎች ባዶ እግራቸውን ውሃ ገብተው ይገፋሉ፤ ጩኸታቸው ሌሊት ይሰማል። በ844 ባይ ጁዪ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ገንዘቡን አውጥቶ ዐለቱን አስፈነቀለ። ድሀው በጉልበቱ፣ ያለው በገንዘቡ ረዳ።

ጽሑፎቹም እንዳይጠፉ ተጠነቀቀ። በ845 የጻፈውን ሁሉ ቢቆጥር 3,840 ሆነ። አምስት ቅጂ አስጽፎ ሦስቱን በሦስት ገዳማት አኖረ። አንዱን ለወንድሙ ልጅ፣ አንዱን ለልጅ ልጁ ሰጠ። ማተሚያ ባልተስፋፋበት ዘመን ይህ ብልህ ሥራ ነበር። ስለዚህም ከታንግ ዘመን ባለቅኔዎች ሁሉ ብዙ ግጥም የተረፈለት እሱ ነው። ወደ 3,000 የሚጠጉ ግጥሞቹ ዛሬም ይነበባሉ። በ846 ሞቶ በሎንግመን ተቀበረ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የባይ ጁዪ ግጥም የቻይናን ገበሬ ከግብር ነፃ አላወጣውም። ከሰል ሻጩም ከሰላቸው አልተመለሰላቸውም። ታዲያ ምን ጠቀመ? የዚያ ዘመን ነገሥታት ብዙ ወረቀት አስጽፈዋል። ባለሥልጣኖቹም እርስ በርሳቸው ተወዳድሰዋል። ዛሬ አብዛኛው ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። የሽማግሌው የጠቆረ ጣት፣ የቃራሚዋ የተቀደደ ቅርጫት ግን ከ1,200 ዓመት በኋላ እዚህ ደረሰ። ማን እንደ በደለና ማን እንደ ተበደለ ተጽፎ ቀረ።

ሌላም አለ። ያች ቃራሚ ሴት የራሷን ነገር ራሷ አልጻፈችም። ሌላ ሰው አይቶ ጻፈላት። ባያልፍ ኖሮ፣ ባያይ ኖሮ፣ ቢያይም ባያፍር ኖሮ ታሪኳ በዚያው ማሳ ላይ ይቀር ነበር። እናንተ ግን ፊደል ለይታችኋል። የመጣውን ወረቀት ተቀብላችሁ «እስቲ ልየው» ማለት ትችላላችሁ። ያያችሁትንና የደረሰባችሁን በራሳችሁ እጅ፣ በምትናገሩት ቀላል ቃል መጻፍ ትችላላችሁ። ከባድ ቃል አያስፈልግም። ባይ ጁዪ በአሮጊት ቋንቋ ጽፎ ከሊቃውንት በላይ ኖሯል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከሰል ሻጩ ሽማግሌ ብርዱ እንዲበረታ የተመኙት ለምንድን ነው?
2. በፈረሰኞቹ ወረቀትና በሃንግዡው የድንጋይ ጽሑፍ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. የንጉሡ የግብር ምሕረት ገበሬዎቹን ያልጠቀማቸው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ምን ማድረግ ይቻላል?
4. ባይ ጁዪ የውሃ ማመልከቻ በቀጥታ ወደ አገረ ገዢው ይምጣ ያለው ለምንድን ነው?
5. በመንደራችሁ ሊጻፍ ሲገባው ያልተጻፈ ምን ነገር አለ? በአምስት ወይም በስድስት መስመር ጻፉትና ላልተማረ ሰው አንብቡለት። ገብቶት እንደሆነ ጠይቁት።